በአጎቴ እግር ላይ የተለጠፈው ቆዳ

ያመነ ይመን፣ ያላመነም መብቱ ነው። የማወራችሁ ሰው ነገረኝ ብዬ አይደለም፤ በእነዚህ ሁለት እጆቼ የነካሁትን ነው።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የቁስል ማጠቢያ ክፍላችንን ምድጃ አድርጋዋለች።

እኔ ነርስ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቁስል አጥቤያለሁ።

አልጋው ላይ የተኛው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ስኳር ከያዘው ወዲህ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የወጣው ቁስል አምስት ዓመት ሙሉ አልድን ብሎ ቤት አስቀረው።

"ተከራዬ ዛሬም አልወጣም" ይለኝ ነበር ቁስሉን፣ ፋሻውን ስፈታ።

ዶክተሩ፣ እግሩ ከመቆረጡ በፊት አንድ የመጨረሻ ሙከራ አለ አለን። ከጭኑ ጥፍር የምታህል ቆዳ ይወሰዳል። ሴሎቹ ላብራቶሪ ውስጥ ይባዛሉ። ከወር በኋላ እንደ ስስ ወረቀት ሆነው ቁስሉ ላይ ይለጠፋሉ።

አጎቴ ፈርቶ ነበር። "እሺ በል" እያልኩ የጎተጎትኩት እኔ ነኝ።

ቆዳው የተያዘበት ሳጥን በቀጠሮው ቀን መጣ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ በር ላይ አቀበለኝ። ፈርሜ ወሰድኩ። ዶክተሩ ለጠፈው።

በሳምንቱ ፋሻውን ስፈታ... ቁስሉ የለም።

ገጥሟል። ለስላሳ፣ ጤነኛ ቆዳ። አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ቆዳው እርጥብ ነበር።

ፋሻው ደረቅ ነው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ላይ ግን ውሃ ይወርዳል። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

"ታጥበህ ነው?"

"አታርጥበው ብለሽኝ? ምን ሆነሻል?"

በሦስተኛው ሳምንት ሦስት የጥፍር ጭረት አገኘሁ። አዲስ። ደም ያቀረረ። ፋሻው እኔ ራሴ እንዳሰርኩት ነው።

አጎቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ... እንዳትስቂብኝ።"

"ምን?"

"እግሬን ሰው ይነካኛል።"

"ማን?"

"ማንም የለም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ነው።"

የነርቭ ነው አልኩት። ለራሴም እንደዚያው አልኩ።

ያን ማክሰኞ ግን አላስቻለኝም። ፋሻውን ፈትቼ ትንሽ ሸለብ ሲያደርገው ኮሪደር ወጣሁና ላብራቶሪው ጋ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። የካርድ ቁጥሩን ነገርኳት።

ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል።

"እህቴ... የእኚህ ሰው ሴሎች አልተባዙም።"

"እንዴት ማለት?"

"ቆዳው ከተወሰደ በሁለተኛው ሳምንት ሞተዋል። ለሆስፒታላችሁ ደብዳቤ ልከናል።"

"ሳጥኑን እኮ ተቀብያለሁ። ፈርሜ።"

"ከማን?"

የሰውዬውን ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ። ጋውኑ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።

"እኛ ምንም አልላክንም" አለች፣ በሹክሹክታ። "ቆዳው... አሁን የት ነው?"

ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

አጎቴ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ከሙቀቱ የተነሳ ላብ አጥምቆታል። ግንባሩ፣ አንገቱ፣ ጉልበቱ ሳይቀር።

ያ ቆዳ ግን አላበውም። ብርድ እንደመታው ሰው ገላ ፀጉሩ ቆሟል።

ጎንበስ ብዬ አየሁት።

አንድ ነጭ ምልክት ወጣበት። ጣት ሲጫን ደሙ ሸሽቶ እንደሚነጣው ዓይነት። ከጎኑ ሁለተኛ... ሦስተኛ... አራተኛ።

በወዲያኛው በኩል ደግሞ ሰፋ ያለ አንድ። አውራ ጣት።

ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም።

አምስቱም ምልክቶች ይበልጥ ነጡ። እንደ ጠበቀ እጅ።

ከዚያ የአጎቴ እግር፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ያህል ወደ በሩ ተንሸራተተ።