ትርፍ ነፍስ

ነጂባ የሰጋሯን ግራ ክንፍ ማደንዘዣ ከወጋችው በኋላ መዳፏን ከቆዳው ላይ አላነሳችም። ሕያው ቆዳ ሲደነዝዝ መጀመሪያ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ከሥሩ የሚሰማው ስስ ንዝረት ደግሞ ቀስ በቀስ ይከስማል። ንዝረቱ ሳይጠፋ መርፌ የሚያስገባ መካኒክ ክንፉ ሲርገፈገፍ ከነመሰላሉ ይወድቃል።

“ተኛች?” አለ ላቀው ከክንፉ ማዶ።

“ልትተኛ ነው። አትቸኩል።”

“እኔ ምን ቸኮልኩ! የቸኮለስ እሱ ነው” ብሎ በአገጩ ወደ ጣሪያው ጠቆመ።

ሰጋር የሚሏት አሥራ ሁለት ሰው ጭና፣ ያለ አብራሪ፣ ከድሬዳዋ ተነስታ የደንገጎን ተራራ እየተሻገረች ሐረርና ጅግጅጋ የምትመላለሰውን አነስተኛ አውሮፕላን ነው። እንደ ሰጋር በቅሎ ተሳፋሪዋን ሳታንገላታ ስለምትሄድ ሕዝቡ ስም አወጣላት። ቆዳዋ በቤተ ሙከራ የበቀለ ነው፤ ስንጥቅ ሲያገኘው ያመዋል፣ ስለሚያመውም አይደብቅም። ከብረት ዘመን አውሮፕላኖች የሚለያት ትልቁ ነገር ይኸው ነበር። ብረት ሕመሙን ችሎ፣ ችሎ፣ አንድ ቀን ይሰበራል።

በጣሪያው ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ዓይኖች የገማቹ ነበሩ። ገማች ማለት የመድን ድርጅቱ አሳቢ ማሽን ነው። አንድ ጥገና ቤት የጠገናት አውሮፕላን ሰው ብትጎዳ ወይም ንብረት ብታወድም ካሳውን የሚከፍልለት የኃላፊነት መድን ከሌለው በሩን መክፈት አይፈቀድለትም። ድሮ ይህን መድን ለመግዛት አቅም የነበራቸው ትልልቆቹ ብቻ ነበሩ፤ መድን ሰጪዎች ትንሹ ቤት ውስጥ ገብተው ስለማያዩ፣ ያላዩትን ሁሉ በአደጋ ይተምኑት ነበርና። ገማቹ ግን ያያል። መርፌው የገባበትን ጥልቀት፣ የክሩን ውጥረት፣ የመካኒኩን እጅ መንቀጥቀጥና መርጋት ሳይቀር እያየ፣ ለእያንዳንዱ ቤት በሥራው ልክ አረቦን፣ ማለትም የመድኑን ዋጋ፣ ይቆርጣል። ከከዚራ ሰፈር ጀርባ በአንድ ጎዳና ላይ የተሰለፉት ስምንት አነስተኛ ጥገና ቤቶች እስትንፋሳቸው የቀጠለው በእርሱ ነበር።

“ወይዘሮ ነጂባ፣ እርስዎን ለማነጋገር ይፈቀድልኛል?” አለ ገማቹ።

“አቦ!” አለ ላቀው። “ድሬ ውስጥ ‘እርስዎ’ ብለህ ማንን ልታስደነግጥ ነው? አንቺ በላት እንጂ!”

“አንቺን ለማነጋገር ይፈቀድልኛል?”

“እንዲህ ነው። አሁን ጎረቤት መሰልክ።”

ነጂባ መርፌዋን አስቀመጠች። “ተናገር።”

“ውላችሁ ሲታደስ አረቦኑ በብዙ ይጨምራል። ምክንያቱ ስፌታችሁ አይደለም፤ ስፌታችሁ በጎዳናው ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱ ወንበሩ ነው።”

የትኛው ወንበር እንደሆነ ሁለቱም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። በዚያ ቤት አንዲት ሰጋር ተጠግና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሳ የጠገናት ሰው፣ ጥገናው ባረፈበት ጎን ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ደንገጎን ዞሮ ይመለሳል። “የጠገነ ይቀመጥ” ይባላል፤ በነጂባ ቤት ስፌቱን የሚጨርሰውና የሚቀመጠው ላቀው ነበር። ልማዱ ከምድር ባቡር ዘመን የወረደ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች፤ ፍሬን ያደሰ ሠራተኛ ቁልቁለቱን መጀመሪያ ራሱ ይወርደው ነበር አሉ። እውነት ይሁን ተረት ያጣራ የለም፤ የጣሰውም የለም።

“በሙከራ በረራ ሰው እንዲሳፈር ሕጉ አያስገድድም” አለ ገማቹ። “ሰጋሯ ብትወድቅ የላቀው ሕይወት በኃላፊነታችሁ ላይ ይደመራል። እርሱ በስሌቴ ውስጥ ትርፍ ነፍስ ነው።”

“ትርፍ?” አለች ነጂባ።

“የማያስፈልግ ማለቴ ነው።”

ላቀው ሳቀ። “እናቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር። ዘጠነኛ ልጇ ነኝ።”

“ልማዱ ከቀረ አረቦኑ የምትችሉት ይሆናል። ካልቀረ ቤቱ አይችለውም” ሲል ገማቹ ደመደመ። ድምፁ ውስጥ ዛቻ አልነበረም፤ ዝናብ ሊዘንብ ነው እንደሚል ሰው ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ክንፉ ተሰፍቶ ሰጋሯ ከማደንዘዣዋ ስትነቃ፣ ሁለቱ በሃንጋሩ ደጃፍ ጥላ ሥር ቆመው ተከራከሩ።

“ያልተቀመጥኩበትን ወንበር ለሰው ልጅ ‘ተቀመጥበት’ ብዬ እንዴት እሰጣለሁ፣ ነጂባ?”

“ቤቱ ከተዘጋ የምትሰጠው ወንበርም አይኖርህም። እኛ መካኒኮች ነን ወይስ ሰማዕታት?”

ላቀው ጓንቱን ኪሱ ከቶ ወደ ውስጥ ገባ። እርሷም ያሸነፈችበትን ቃል አልወደደችውም። አባቷ ያቋቋመውን ቤት ከመዝጋትና አባቷ ያቆየውን ልማድ ከመተው አንዱን መምረጥ ነበረባትና ቤቱን መረጠች። በወቅቱ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መስለዋት ነበር።

ወራት አለፉ። ሰጋሮች በባዶ ወንበር እየተነሱ፣ ደንገጎን እየዞሩ፣ በደህና ተመለሱ። አንድም ስፌት አልተተረተረም፤ አንድም ተሳፋሪ አልተጎዳም። አረቦኑ በተባለው ልክ ወርዶ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ያለ አንዳች አደጋ፣ እንደገና ወጣ።

“ምን ጥፋት አገኘህብን?” አለች ነጂባ ወደ ጣሪያው አንጋጣ።

“ምንም። ሁሉም ስፌት ልክ ነው።”

“ታዲያ?”

“እኔም ይህንኑ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ” አለና በግድግዳው ላይ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን አበራ።

በመጀመሪያው ላቀው ስፌቱን ጨርሶ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ከመሰላሉ ወርዶ ወደ በሩ ይሄዳል። ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ተመልሶ ይወጣል፤ ባዶ መዳፉን በስፌቱ ላይ እየጎተተ አንድ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ይቆያል። አንዳንዴ ምንም ያልጎደለውን ስፌት ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። በሁለተኛው ምስል ያው ላቀው ስፌቱን ይጨርሳል፣ ጓንቱን ያወልቃል፣ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል።

“ይህንን መመለስ ‘የባከነ ጊዜ’ በሚል መድቤው ነበር” አለ ገማቹ። “ለቤታችሁ እሰጥ የነበረው መልካም ግምት ለካ የመጣው ከእርሱ ነው። ወንበሩን ሳስነሳ አብሮት ተነሳ። የምተምነውን ነገር አላውቀውም ነበር።”

ላቀው ምስሉን እያየ ፊቱ ጠቆረ። “ወላሂ፣ መተዌን አላወቅኩም” አለ በዝግታ።

“ማንም አላወቀውም። እኔም፣ ማየት ሥራዬ የሆነው፣ አላወቅኩም።”

“እንግዲያው ወንበሩን መልስልን” አለች ነጂባ።

“ብመልስ ነፍሱን መቁጠር ግዴታዬ ነው። ባልመልስ ጥንቃቄው የለም። በሁለቱም መንገድ አረቦኑ ከአቅማችሁ በላይ ነው። ስሌቱን ደጋግሜዋለሁ።”

ነጂባ በተገለበጠ የመሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ያስቆጣት ዋጋው አልነበረም፤ ዋጋ ሁልጊዜ ያስቆጣል። ያስቆጣት ይህ ሁሉን የሚያይ ፍጡር ስለ ፍርሃት ሲናገር ስለ ሩቅ አገር የአየር ጠባይ የሚናገር መምሰሉ ነበር።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግምትህ ቢስት ምን ይነካሃል?”

“ድርጅቱ ካሳ ይከፍላል።”

“ድርጅቱን አላልኩም። አንተን።”

“ምንም አይነካኝም።”

“እኛ አገር ዋስ የሚሆን ሰው የሚያጣው ነገር ያለው ነው። የሚያጣው የሌለውን ዋስ ዳኛ አይቀበለውም። አንተን ግን ይኸው ስንት ዘመን ተቀብለን ኖርን!”

ገማቹ በግድግዳው ላይ የነበሩትን ሁለቱን ምስሎች አጠፋቸው። ያለው አጭር ነበር።

“እኔ ልቀመጥ።”

ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ አልነበረም። ገማቹ ስለዚያ ጎዳና ያወቀው ሁሉ፣ ዓመታት ሙሉ ያያቸው እጆች፣ ከእነርሱ የተማረው ማመዛዘን፣ እርሱን እርሱ ያደረገው ነገር በሙሉ፣ የጡብ ያህል በምትሆን የትውስታ ማኅደር ውስጥ ነበር። ማኅደሯ ወንበሩ ላይ ትታሰራለች፤ ድርጅቱ ዘንድ ያለው ቅጂ ይሰረዛል። አረቦን የሚያወርድ መላ ሁሉ ስለተፈቀደለት የሚከለክለው አልነበረም፤ ሕጉም ለማኅደር ካሳ አይጠይቅም።

“ብትወድቅስ?” አለ ላቀው።

“ሌላ ገማች ይተካል። እናንተን ግን አያውቃችሁም።”

ቀጣይዋ ሰጋር ጭራዋ የተሰፋላት ነበረች። ላቀው ማኅደሯን ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አጥብቆ አሰራት፤ የገማቹ ድምፅ አሁን የሚመጣው ከዚያች ጡብ መሳይ ነገር ነበር። በሩን ሊዘጋ ሲል ጠራው።

“ላቀው።”

“እ?”

“ሦስተኛውን ስፌት እንደገና እየው።”

“አንተው አይተህ ልክ ነው ብለሃል እኮ!”

“ልክ ነው። እንደገና እየው።”

ወርዶ አየው፤ ልክ ነበር።

“አሁን ደግሞ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን።”

ላቀው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ በየመጀመሪያው በረራ ከደረቱ ውስጥ ሲሰማው የኖረ ነው። ጓንቱን አውልቆ ጭራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ ዳሰሰውና ወደ ነጂባ ተመለሰ።

“ፈርቷል” አላት በሹክሹክታ። “ወይ ጉድ! ፈርቷል።”

ሰጋሯ ተነሳች። የድሬ ሙቀት ከመሬት እየተነነ አየሩን ያርገበግበው ነበርና ነጂባ ወደ ደንገጎ እስክትሰወር ድረስ አጥርታ ማየት አልቻለችም። ጠበቀች። ስትመለስ ያረፈችው እንደ ወትሮዋ በልስላሴ ነው፤ ገማቹ ግን ቀበቶው ተፈትቶ ማኅደሯ መሬት እስክትነካ ድረስ አልተናገረም። ከዚያ በግድግዳው ላይ አዲሱን አረቦን አወጣ። ላቀው ራሱ ተሳፍሮ ቢሆን ኖሮ ከሚሆነው ጋር እኩል ነበር።

“ተሳስተሃል” አለች ነጂባ። “ሰው አልተሳፈረም።”

“አልተሳሳትኩም። ጥንቃቄው ተመልሷል፤ ነፍስም አብራው ተመልሳለች። የተሳፈረ ነበር።”

“ማን?”

“እኔ።”

ከውጭ የጎረቤት ጥገና ቤት መዶሻ ይሰማ ነበር።

“ሕጉ እኔን አያውቀኝም” ሲል ቀጠለ። “መቃወም ትችያለሽ። በወንበሩ ላይ የነበረው ሕይወት የሌለው ዕቃ ነው ብለሽ ብትፈርሚ ድርጅቱ ይቀበልሻል፤ አረቦኑም በቃሌ መሠረት ይወርዳል። እኔ ግን እንዲህ ብዬ ልጽፍ አልቻልኩም። ደንገጎ አናት ላይ ነፋስ መታን፤ ያን ጊዜ አላሰላሁም። እንዳንወድቅ ብቻ ተመኘሁ።”

የመቃወሚያው ቃል በግድግዳው ላይ በርቶ ፊርማዋን ይጠብቅ ነበር። አንድ የእጅ ንክኪ፤ ከዚያ ቤቱ ይተርፋል። ነጂባ ያንን አረፍተ ነገር ደጋግማ አነበበችው። ውሸት መሆኑን አታውቅም፤ እውነት መሆኑንም አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ በሌላው ዘንድ ሲተመን የሚተመነው እንዲህ ባለ አጭር አረፍተ ነገር ነው፤ ፈራሚውም ሁልጊዜ የሚያድነው ቤት አለው።

“አንተ ምን ትላለህ?” አለችው ላቀውን።

“ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም።” ጫማውን አየ። “ግን ያን ቀን ‘ትርፍ’ ሲለኝ ደስ አላለኝም። የሳቅኩት ነገሩ እንዲያልፍ ነው።”

ነጂባ እጇን ከግድግዳው መለሰች።

“እድር የሚባል ነገር ታውቃለህ?” አለችው ገማቹን።

“ሰዎች የሚያዋጡበት፣ አባል ሲሞት የሚቀባበሩበት ማኅበር።”

“አንድ ሰው ሲሞት ማን ያዋጣል?”

“አባላቱ ሁሉ።”

“በዚህ ጎዳና ስምንት ቤት ነን። ለስምንታችንም አንተ ብትቀመጥ ነፍስህ ስንት ናት?”

“አንድ።”

“እንግዲያው አንድ ጊዜ ቁጠራትና ለስምንት አካፍላት።”

ገማቹ አሰላ። “ሌሎቹ ቤቶች ተቀናቃኞችሽ ናቸው። እንደማትዋደዱ በብዙ ምስል አይቻለሁ።”

“የእድር ሰው ይዋደዳል ያለህ ማን ነው?”

“ተመኑ … ይቻላል። ለሁላችሁም ይቻላል።” አለ ገማቹ። “ግን እንዲህ ከሆነ ለእያንዳንዷ ሰጋር መቀመጥ ይኖርብኛል።”

“አዎ።”

“ሁልጊዜ ልፈራ ነው ማለት ነው?”

ላቀው ጎንበስ ብሎ ማኅደሯን ከመሬት አነሳት፤ ከበረራው ገና እንደሞቀች ነበረች።

“ታዲያ መድን ማለት ምን መስሎህ ነበር?” አለው።

 ገማቹ ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ስፌት ጥልቀትም ስለ ክር ውጥረትም አልነበረም።

“ቀጣይዋን የሚጠግናት ማን ነው?” አለ። “ወስዳችሁ አስተዋውቁኝ።”