በአምስት ኮንክሪት አይሞላም

ሀይሌ ጋርመንት፣ የታክሲ ሰልፍ። ኮርሳ ዘጠነኛ ነው፤ ቴዎ ከኋላው አሥረኛ።

ሁለቱም ሙዝ ያለበት ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። እንደማይተዋወቁ መምሰል ሥራቸው ነው።

ሰልፉ ሲቆም ቴዎ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ። ኮርሳም አስቀመጠ። ሲያነሱ ተቀያይረዋል።

«የለቡ ሰልፍ ይሄ ነው?»

«አይደለም።»

ቴዎ አመስግኖ ሄደ። ርክክቡ አለቀ።

ከሙዙ ሥር ፖስታ አለ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ተቀባይ ፖስታ አይከፍትም። እንደታሸገ ለ«አጎቴ» ያደርሳል። ሁለቱም ስውር መርማሪዎች ናቸው፤ አለቃቸውን በስልክ የሚጠሩት እንዲህ ነው። ኮርሳ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ፖስታ ከፍቶ አያውቅም።

የዛሬው ፖስታ ላይ ግን በእጅ «ለቴዎ» ተብሎ ተጽፏል። የናፍቆት ጽሑፍ ነው።

ተራው ሲደርስ ታክሲ ገባ።

ኮርሳ «ቀጄላ ድልድይ ሥራ» በሚባል ድርጅት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ለሰው ዓይን፣ የድርጅቱን የሃምሳ ዓመት ታሪክ ያዘጋጃል። በስውር፣ የለቡው አዲስ ድልድይ ኮንክሪት ደካማ ነው የሚለውን ጥቆማ ያጣራል። ቴዎ ለዚሁ ሥራ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ መስሎ ከገባ ገና ሦስት ወሩ ነው። ናፍቆት የድልድዩ መሐንዲስ፣ የመሥራቹ የአቶ ቀጄላ የልጅ ልጅ ናት። ከኮርሳ ጋር ስንት ወር ምሳ በልታ «ወንድሜ» ትለዋለች። ቴዎን በሳምንቱ «ቴዎዬ» አለችው። እሱም ሳይቱን ትቶ ጠረጴዛዋ ሥር ሲሽኮረመም ይውላል።

መካኒሳ አቦ ወርዶ አንድ ካፌ ገባና ፖስታውን ቀደደው። የፍቅር ደብዳቤ ፈልጎ ነው፤ ራሱን አልሸነገለም።

ደብዳቤ የለም። ቴዎ፣ ግዴለሹ፣ እሷ የሰጠችውን አሮጌ ፖስታ ነው የተጠቀመው። ውስጡ የኮንክሪት ፍተሻ ውጤት አለ። «ወድቋል» ይላል። ከሥሩ የናፍቆት ፊርማ፤ ደካማነቱን እያወቀች ደብቃለች ማለት ነው። ይህ ወረቀት አጎቴ ዘንድ ከደረሰ ናፍቆት ትታሰራለች፤ ድርጅቱም ይዘጋል።

ፊርማውን ብዙ አየው። ከዚያ ኮንክሪቱ የተሞላበትን ቀን አየ።

የካቲት 5።

በዚያ ቀን ሊሞላ አይችልም።

አቶ ቀጄላ ለአንድ ጣልያን ግንበኛ ድንጋይ ጠርበው ያደጉ ሰው ነበሩ። የራሳቸውን ድርጅት በከፈቱ በዓመቱ፣ ወር በገባ በአምስት፣ በአቦ ቀን ኮንክሪት ሲያስሞሉ መወጣጫው ተደርምሶ ታላቅ ወንድማቸውን ገደለ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ አርባ አንድ ድልድይ ሠርቷል። በአምስተኛው ቀን ግን አንድ ባልዲ ኮንክሪት አልሞላም። የትም አልተጻፈም፤ ዘበኛው ሳይቀር ያውቀዋል። ኮርሳ የደረሰበት የሃምሳ ዓመቱን የሥራ መዝገብ ሲያገላብጥ ነው። ሳይት የማይወርደው ቴዎ ግን ከየት ያውቀዋል?

ስልኩን አነሳ።

«አጎቴ፣ ሙዙ በስብሷል። መካኒሳ አቦ ካፌ ውስጥ ነኝ።»

«ፖስታውን ከፈትከው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«ታዲያ አሁን የምሰማው ሥራህን ነው ቅናትህን?»

«ሁለቱንም። ቴዎን አንድ ነገር ልጠይቀው። መስመሩ ላይ ሆነው ያዳምጡ።»

ለቴዎ ደወለ።

«የየካቲት አምስቱን ሙሌት በዓይንህ አይተሃል?»

«እንዴ! ከጠዋት ጀምሮ ሲሞላ ሚክሰሩ አጠገብ ነበርኩ። ናፍቆትም ከጎኔ ነበረች። ምነው፣ ቀናህ እንዴ?»

ድምፁ ከሁለት አቅጣጫ መጣ።

ቴዎ ካፌው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከሰልፉ ጀምሮ ተከትሎታል።

ስልኩን ኪሱ ከቶ መጥቶ ተቀመጠ። የኮርሳ ስልክ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። አልተዘጋም።

«ፖስታ ከፋች» አለ ቴዎ። «ወረቀቱን አምጣ።»

ኮርሳ ሙዝ አውጥቶ ቀስ ብሎ ላጠ። «ማን ገዛህ?»

«ጨረታውን በቀጄላ የተነጠቁት ናቸው። አንተን ግን የሚገዛህ የለም።»

«እሷስ? ምንህ ናት?»

«እሷ? ፊርማ ናት።»

ኮርሳ ሊያንቀው ተነሳ። መልሶ ተቀመጠ። ሙዙን ነከሰ።

ሙዙ ሳያልቅ አጎቴ የላኳቸው ሁለት ሰዎች ገብተው ቴዎን በግራና በቀኝ ያዙት።

አጎቴ አሁንም መስመሩ ላይ ነበሩ። «ጥሩ ሠርተሃል። ግን ፖስታ የከፈተ ሰው እኔ ጋ አይቀጥልም። ቢሮው እንዳትመለስ። ለልጅቷም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

«እሺ፣ አጎቴ።»

ድልድዩ በሳምንቱ ተከፈተ። ኮርሳ በሌላ ስም፣ በለቡ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ተሻገረው። ናፍቆት ነጭ ሄልሜት አድርጋ ዳር ላይ ከሠራተኞቿ ጋር ቆማለች። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ድልድዩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሲም ካርዱን ከማውጣቱ በፊት የመጨረሻውን መልእክቷን እንደገና አነበበው።

«ወንድሜ፣ የቴዎ ስልክ አይሠራም። ካየኸው በናትህ ንገረኝ።»

ኮርሳ ራሱ የት እንደገባ ግን አልጠየቀችም። ቴዎ እስር ቤት ነው፤ ኮርሳ አሁንም ይቀናበታል።

ሲሙን ሰብሮ በመስኮት ጣለው።

«ወራጅ አለ» አለ። ከሌሎቹ ጋር ወረደ።