በላስቲክ የተጠቀለለው ደብዳቤ

አባት ከሕንፃ ላይ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ያ ባለ አንድ ክፍል ቤት የቆመው በሁለት ሰው ትከሻ ነበር፤ ትምህርት ቤት በምታጸዳው እናትና እዚያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል በምትማረው ልጇ። ልጅቷ ነርስ ልትሆን ነበር፤ ለኮሌጅም አመልክታለች።

«እኔው ራሴ አድንሃለሁ፣ አባዬ» ትለዋለች።

«እስኪ መጀመሪያ መርፌ መፍራት ተዪ!» ይላታል፤ ይሳሳቃሉ። ወይ ያቺ ሳቅ!

አንድ ቀን እናት ቢሮ ስትወለውል የተማሪዎች አማካሪው ፖስታ ሰጣት። «ልጅሽን ኮሌጁ ተቀብሏታል። ያዢላት» አላት፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። በቃ! ሌላ ቃል አልወጣውም። ይህች ሴት በየወሩ ደመወዟን በአውራ ጣቷ ፈርማ ስትወስድ ያይ አልነበረምን?

እናት ማኅተሙን ሳመችው። ማኅተም ያለበት ወረቀት በእሷ ቤት እንደ ዓይን ብሌን ነው፤ የቤቱ ውልም፣ የልጅቷ የክትባት ካርድም በላስቲክ ተጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ይቆለፍባቸዋል። ይህንንም ጠቅልላ ቆለፈችበት። ለምረቃዋ ቀን ላስደስታት ብላ አፏን ያዘች። ልጅቷ ደብዳቤ ቀረብኝ ብላ ስትብሰለሰል፣ እናት በሆዷ «ቆይ ብቻ!» ትል ነበር...

በምረቃው ዕለት ልጅቷ ደብዳቤውን አንብባ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማዬ... መቼ ነው የሰጡሽ?»

«ወር አልፎታል፣ የኔ እናት። ምነው?»

«በሁለት ሳምንት ካልተመዘገብሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል ይላል...»

ተሰጥቶም ነበር። አማካሪው «ተጽፎ የለም እንዴ? አታነቡም!» ብሎ በሩን ዘጋባቸው። ልጅቷ ሳሙና ፋብሪካ ገብታ ማሸግ ጀመረች፤ እናቷን ማነጋገርም ተወች። ለአባት ግን ሁለቱም አልነገሩትም። አባት ዓመቱ ሳይሞላ አረፈ። የመጨረሻ ቃሉ «ልጄ ኮሌጅ ገባች?» የሚል ነበር። እናት ምን ትበል? «ገብታለች» አለችው።

ከቀብሩ በኋላ እናት የጎልማሶች ትምህርት ገባች። አንድ ጠዋት የአማካሪውን በር ስትወለውል እጇ ቀጥ አለ። አሥራ አንድ ዓመት የጠረገችው ሰሌዳ አፍ አወጣ! በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ «የ... ተማሪዎች... አማካሪ»። በሩን በረገደችው።

«ይሄ ሰሌዳ የእርስዎ ነው?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«እንግዲያው ራስዎ ይወልውሉት! እኔ ሐሰት መወልወል በቃኝ!» ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

ወሬው ልጅቷ ጆሮ ደረሰ። የሳሙናው ሽታ ከእጇ ሳይለቅ ሮጣ መጥታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ...» አለቻት። ተያይዘው ተንሰቀሰቁ። አባት ግን ያንን ውሸት ይዞ ተቀብሯል፤ እሱን ማን ይመልሰዋል?

ሰፈሩ «ዕድሏ ነው» ይላል። ዕድል! «እስከዚህ ቀን ድረስ» የምትል አንዲት ቃል ለመናገር የሰነፈ ሰው ጥፋት፣ ከመቼ ወዲህ ነው ስሙ ዕድል የሆነው?