የዜሮ ክፍል ሰልፍ

«ራስህን አታዘንብል» አለች ሂንድ።

ኢስሃቅ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ለመያዝ እየታገለ ነው። ጣቶቹ የጆሮውን ጫፍ ነኩ፤ አንገቱ ግን ወደ ጎን ተጣሟል።

«ነካሁት እኮ!»

«እንደዚያ አይቆጠርም። ቀጥ በልና እንደገና።»

ከኋላቸው የተሰለፈች ሴት ሳቀች። «ኧረ ተይው በአላህ! የልጁ እጅ ሊገነጠል ነው።»

ሂንድ አልሳቀችም። ዛሬ የዜሮ ክፍል ምዝገባ ነው። ዜሮ ክፍል ከአንደኛ በፊት ያለችው ክፍል ናት፤ መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በነፃ። ዘንድሮ በእሷ ያላለፈ ልጅ አንደኛ ክፍል አይገባም ተብሏል። ትእዛዙ ከላይ ወረደ፤ ወንበር ግን አብሮት አልወረደም። የሐይቅ ከተማ በጦርነቱ ስትያዝ የትምህርት ቤቱ ወንበር ለማገዶ ነዷል። የተረፈው ለአንዲት ክፍል የሚበቃ ነው።

የቀበሌውም መዝገብ አብሮ ተቃጥሏል። የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ መምህራኑ ወደ ድሮው መለኪያ ተመለሱ። እጁን በአናቱ አሳልፎ ጆሮውን የነካ ልጅ ስድስት ዓመት እንደሞላው ይቆጠራል። ያልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ኢስሃቅ ስድስት ሞልቶታል። ግን ጦርነቱ ባመጣው ችጋር መሃል ነው ያደገው፤ እጁም ቁመቱም አጭር ነው።

ለሂንድ ነገሩ የኢስሃቅ ብቻ አይደለም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል። ስምንተኛ የሚማረው ጠዋት ብቻ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ኢስሃቅን የሚይዝ የለም። አባታቸው አብደላ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ በጦርነቱ ሞተ። ጎረቤታቸው ባንቺአየሁ ትይዘው ነበር፤ እሷም ልጇን ተከትላ ደሴ ገባች። መድረሳው ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀራው ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ቤታቸው ሐይቁ ዳር ስለሆነ ልጁን ብቻውን ትቶ መሄድ አይቻልም። ባለፈው ዓመት ሂንድ ከክፍል እየቀረች የስምንተኛን ፈተና ሳትፈተን ቀረች። ዘንድሮም ከቀረች ስሟ እንደሚሰረዝ የክፍል ኃላፊዋ ነግረዋታል።

ከሂንድ ፊት እናቷ ሱረያ ቆማለች። ከንጋቱ ሶላት፣ ከሱብሂ ጀምራ ነው የተሰለፈችው። ለኢስሃቅ ግን አይደለም። በእጇ የያዘችው የአሠሪዋን የወይዘሮ አሰገደችን ልጅ ሠርክአዲስን ነው። ኢስሃቅ የእናቱን ቀሚስ ሊይዝ ሲል ሱረያ ቀስ ብላ እጁን አላቀቀችው። ወይዘሮ አሰገደች ካዩ አይወዱም።

ሂንድ ወደ እናቷ ጆሮ ተጠጋች። «እማ፣ መጀመሪያ ኢስሃቅን አስመዝግቢው። እሷን ከሱ ቀጥሎ።»

«ተይ። የተላክሁት ለሷ ነው።»

«አራት ዓመቷ ነው እኮ!»

«ዝም በይ አልኩሽ።»

ሂንድ የሠርክአዲስን ዕድሜ በደንብ ታውቃለች። እናቷ እዚያ ቤት የተቀጠረችው ወይዘሮ አሰገደች ሠርክአዲስን ወልደው ሲታረሱ ነው። ያኔ ኢስሃቅ ይሮጥ ነበር። ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ቁመታቸው እኩል ነው።

ባጃጅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ወይዘሮ አሰገደች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወረዱ። አስፋልቱ ዳር ትልቁን የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ የያዙት እሳቸው ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ሳራ ማስቲካ እያኘከች ተከተለቻቸው። ሳራ ቀድሞ የግል ትምህርት ቤት ነበረች፤ ትምህርት ቤቱ ተዘርፎ ሲዘጋ ከሂንድ ጋር አንድ ክፍል ገባች። ሠርክአዲስም የምትውልበት የግል መዋዕለ ሕፃናት አብሮ ተዘግቷል።

«ሱረያ፣ ቦታሽን አልለቀቅሽም አይደል?»

«አልለቀቅኩም፣ እትዬ።»

ወይዘሮ አሰገደች ሂንድንና ኢስሃቅን አዩ። «እናንተም መጣችሁ?»

«ወንድሜን ላስመዘግብ ነው።»

«ምን አስቸኮላችሁ? ገና ጩጬ ነው፤ ይጫወት እንጂ። የኔዋ ከአሁኑ ካልጀመረች ጭንቅላቷ አይከፈትም ስላሉኝ ነው።»

«የሱ ጭንቅላትስ?» አለች ሂንድ።

ወይዘሮ አሰገደች ያልሰሙ መሰሉ። ሳራ ግን ሰምታለች። ጠጋ ብላ፣ «ሂንድ፣ ዘንድሮም ሞግዚት ነሽ?» አለቻት።

«እናቴን መልሱልኝና እተወዋለሁ።»

«ኧረ አታካብጂ፤ ቀልድ ነው።»

«የኔ አይደለም።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። መምህር አራጋው በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ይመዘግባሉ። ከራሳቸው በላይ ያለው ቆርቆሮ አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል። በጦርነቱ የተበሳሳው ጣሪያ ሲነሳ ወይዘሮ አሰገደች ከሱቃቸው የሰጡት ነው። ይህን የማያውቅ በከተማው የለም።

የሱረያ ተራ ደረሰ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አሉ መምህር አራጋው።

«ስድስት» አለች ሱረያ። መሬት መሬት ታያለች።

«እስቲ ጆሮዋን ትንካ።»

ሠርክአዲስ እጇን አነሳች። እጇ አናቷ ላይ ደርሶ ቆመ። እዚያው ፀጉሯን አከከች። ከሰልፉ ሳቅ ተሰማ። ወይዘሮ አሰገደች ሱረያን አዩ።

ሱረያ ጎንበስ አለች። በአንድ እጇ የልጅቷን ራስ ወደ ጎን ጫን አደረገች። በሌላው ክንዷን ስባ ጣቶቿን ጆሮዋ ላይ አሳረፈች።

መምህር አራጋው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ። ጻፉ።

«የመጨረሻዋ እሷ ናት» አሉ። «ወንበር ሞልቷል። የቀራችሁ ለከርሞ።»

ሰልፉ ተንጫጫ። ሂንድ ኢስሃቅን ወደ ፊት ገፋችው። «ቲቸር፣ ይለኩት! ስድስት ሞልቶታል።»

ኢስሃቅ ማንም ሳያዘው እጁን አነሳ። አንገቱን አላጣመመም። ክንዱን እስከ መጨረሻው ለጥጦ ጆሮውን ያዘ፤ እንደያዘም ቆመ።

«ነካሁት» አለ። የሚያየው እናቱን ነበር። ሱረያ በርከክ ብላ የሠርክአዲስን ጫማ ታስራለች።

«አየሁህ፣ ጎበዝ» አሉ መምህር አራጋው። «ወንበር ነው የሌለው።»

«መሬት ይቀመጣል!»

«መሬት አይፈቀድም። ከወረዳ መጥተው ያያሉ።»

«ታዲያ እሷ…» ሂንድ ጣቷን ወደ ሠርክአዲስ አነሳች።

ሱረያ ቀና አለች። ዓይኗ ሂንድን አልለመነም፤ አስጠነቀቀ። ሂንድ ጣቷን አወረደች። ስድስት ነው ያለችው እናቷ ናት። ውሸቱ ቢወጣ የምትጠየቀው እሷ እንጂ ወይዘሮ አሰገደች አይደሉም።

«አብሽሪ» አሏት ሂንድን፣ ወይዘሮ አሰገደች ወደ ባጃጇ ሲመለሱ። «ከርሞ ሩቅ አይደለም።»

ሱረያ ቤት የገባችው ሊመሽ ሲል፣ ከመግሪብ በፊት ነው። ሂንድ ቆማ ጠበቀቻት።

«ቦታው የኢስሃቅ ነበር።»

«የላኩኝ ሴትዮ ቦታ ነው።»

«ጆሮዋን ያስነካሻት አንቺ ነሽ። በእጅሽ!»

«በዚሁ እጅ ነው የምትበዪው» አለች ሱረያ። ሻርፗን አውልቃ ተቀመጠች። ደክሟታል፤ ድካሟ ግን አላበረዳትም።

«ነገ ትምህርት ይጀመራል። ልጁን ጠዋት ማን ይይዘዋል?»

«አንቺ። እስከ ከርሞ።»

«ፈተናው እስከ ከርሞ አይጠብቀኝም።» ሂንድ ወደ እናቷ ቀረበች። «ይዘሽው ሂጂ። ሠርክአዲስ ጠዋት ትምህርት ቤት ናት። የምትይዢው ልጅ የለም።»

«ልጅሽን ይዘሽ እንዳትመጪ ነው የተባልኩት፤ ገና የገባሁ ለት።»

«ጠይቂያቸው ታዲያ።»

«አልጠይቅም።»

«ለምን?»

«እምቢ ካሉኝ በኋላ በምን ፊቴ እመለሳለሁ? አሁን ዝም ስላልኩ ነው የሚወዱኝ።» ሱረያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እኔም ታናናሾቼን አዝዬ ነው ያደግሁት። ፈተና አልተፈተንኩም። ሞትኩ?»

«አልሞትሽም» አለች ሂንድ። «ሰው ቤት ገባሽ።»

የሱረያ እጅ ተነሳ። አየር ላይ ቆየና ወረደ። ኢስሃቅ ግድግዳውን ይዞ ሁለቱን ያይ ነበር።

በማግስቱ ሱረያ እንደ ልማዷ ጎህ ሲቀድ ወጣች። ሂንድ የኢስሃቅን ፊት አጠበች። ንጹሑን ሸሚዝ አለበሰችው። እሷም ዩኒፎርሟን ለበሰች።

«ወዴት ነው?» አለ ኢስሃቅ።

«እማ ጋ።»

መንገድ ላይ የምትናገረውን አሰበች። አራት ዓመቷ ነው፤ ወረዳ ሄጄ እናገራለሁ። ደጋግማ በአፏ አለችው። የወልድያ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፋቸው፤ ኢስሃቅን ወደ ራሷ ሳበችው። ሱቁ ጋ ሲደርሱ ሐሳቡን ተወችው። ወረዳ ብትሄድ መጀመሪያ የሚጠሩት ሱረያን ነው።

የወይዘሮ አሰገደችን ግቢ የብረት በር አንኳኳች። የከፈተችው ሳራ ናት፤ ዩኒፎርም ለብሳለች፤ በእጇ ዳቦ ይዛለች።

«ምን ፈለግሽ?»

«እማን።»

ሳራ ኢስሃቅን አየች። ድምፅዋን ቀነሰች። «ይዘሽው መጣሽ? ማሚ ትገድልሻለች።» ቀጥላም፣ «ስለ ሠርኬ ልትናገሪ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«ወላሂ በይ።»

«ለአንቺ አልምልም።»

ወይዘሮ አሰገደች ከበረንዳው ወረዱ። «ምንድነው በጠዋቱ?»

«ወንድሜ ነው» አለች ሂንድ። «ጠዋት ጠዋት እናቱ ጋ ይውላል።»

«ማን ፈቅዶ?»

«ማንም። እኔ ክፍል አለኝ።»

«ወይ ድፍረት! ቤቴ የልጆች መዋያ ነው እንዴ?»

«ሠርክአዲስን ለአራት ዓመት እናቴ አውላታለች።»

አራት ስትል ድምፅዋን አላነሳችም። ወይዘሮ አሰገደች ግን የሰማ እንዳለ መንገዱን ቃኙ። ሳራ ዳቦውን ማኘክ አቆመች።

«ሱረያ!»

ሱረያ ከጓሮ መጣች። እጇ የሳሙና አረፋ ነው። በሩ ላይ የቆሙትን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ ያንቺ ምክር ነው?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

«አይደለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው መልሺው።»

ሱረያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሂንድ፣ ልጁን ወደ ቤት ውሰጂ።»

ሂንድ የኢስሃቅን እጅ ለቀቀች። እሱ እናቱን አይቶ ከበሩ ውስጥ ገብቷል፤ እሷ ከውጭ ናት።

«አልወስደውም፣ እማ።»

«ሂንድ!»

«አልወስደውም።»

ወይዘሮ አሰገደች ወደ በሩ ተጠጉ። «ዛሬውኑ እናትሽን ላስወጣት እችላለሁ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ካስወጧት ሠርክአዲስን ማን እንደሚያደርስልዎት ያስቡበት።»

ሱረያ ልጇን አየቻት። ቁጣ ነበር ፊቷ ላይ። ከቁጣው ሥር ምን እንዳለ ሂንድ ልታጣራ አልቆመችም። ከትምህርት ቤቱ በኩል እንደ ደወል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሲመታ ተሰማ። ፊቷን አዞረች።

«ሂንዴ!» ኢስሃቅ ከኋላዋ ማልቀስ ጀመረ። የእናቷን ድምፅ ሰማች፤ ለማን እንደተናገረች አልለየችውም። የወይዘሮ አሰገደች ድምፅም ተከተለ። ከዚያ የብረቱ በር ተዘጋ።

እናቷና ኢስሃቅ ከበሩ ውስጥ ቀርተው ይሁን ሁለቱም ውጭ ወጥተው፣ ዞር ብትል ታይ ነበር። አልዞረችም። ግራ ቀኝ አይታ አስፋልቱን ተሻገረችና እርምጃዋን አፈጠነች።