በሩን የከፈቱላቸው ሽማግሌ

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ግን መርዕድን አትላንታ አጠገብ፣ ስኮትዴል ያለ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል... ለቀልድ እንኳን የማይዋሽ ሰው ነው። ይህንንም የነገረኝ ራሱ ነው።

የሆነው ባለፈው ሰኔ፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት።

መርዕድና ባለቤቱ ሐረገወይን የአፓርትመንት ኑሮ ሰልችቷቸው፣ ከአትላንታ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀው ገጠር ውስጥ አሮጌ ቤት ገዙ። ጥቂት ዶሮ፣ ጥቂት ፍየል... ሐሳባቸው ይኸው ነበር።

በገቡ ቀን ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ የግቢውን በር ከፍተው ጠበቋቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉና መርዕድን ስሙን ጠየቁት። ነገራቸው። ሐረገወይን መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድም ጎረቤት ደጃቸውን አልረገጠም።

ሰላም ሲሏቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። የሰፈሩ ልጆች በግቢያቸው ፊት ሲያልፉ ሩጫ ናቸው... ድምፅ ሳያሰሙ።

«ጥቁር ስለሆንን ነው» አለች ሐረገወይን።

ግን ማዶ ያሉት አሮጊትም ጥቁር ናቸው።

ያን እሑድ መርዕድ ድፎ ዳቦ ይዞ አሮጊቷ ዘንድ ሄደ። በሩን ገርበብ አደረጉለት።

«እማማ፣ ያስቀየምንዎት ነገር አለ?»

«የለም» አሉ በሹክሹክታ። «ስትገቡ በሩን ማን ከፈተላችሁ?»

«አንድ ሽማግሌ። ጎረቤት መስለውኝ...»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስም ጠየቀህ?»

«አዎ።»

«ነገርከው?»

«አዎ...»

«ሚስትህስ?»

«እሷ አላየቻቸውም።»

ክንዱን ጨምድደው ያዙት።

«የቤቱን ሰው ሁሉ ስም ካልያዘ አይገባም። እኛም የማንቀርባችሁ ለዚህ ነው፤ ደጃችሁ ካገኘን የኛንም ይጠይቀናል። ሩጥ! ሳትነግረው ይዘሃት ውጣ!»

መርዕድ ስልክ መታላት። አነሳች... እየሳቀች።

«መርዕዴ፣ አንድ ደግ ሰው መጥተው ደጃፍ ላይ እየተጫወትን ነው።»

«ሐረግ! ስምሽን እንዳት...»

ተዘጋ።

ዳቦውን ጥሎ ሮጠ።

ግቢው በር ላይ ሲደርስ የሽማግሌውን ድምፅ ሰማ። አሜሪካ ሃያ ዓመት ሲኖሩ አንድም ፈረንጅ ስሟን አስተካክሎ ጠርቶት አያውቅም። ሽማግሌው ግን... ቀስ ብሎ... አንድ ፊደል ሳይስት...

«ሐ... ረ... ገ... ወይን።»

መርዕድ የሰው ያለህ ለማለት ወደ መንገዱ ዞረ።

ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጥተዋል። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ። በየደጃፋቸው ቆመዋል... አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ሬሳ እንደሚያሳልፍ ለቀስተኛ።

ከኋላው የቤቱ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ተሰማ።

አንዳቸውም ቀና አላሉም።