ጃንዋሪ አንድ፣ ማክሰኞ

ሰውየው ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተላት።

«ጨው ተወዷል» አለ።

«ባሕሩ ግን ቅርብ ነው» አለች ያዋ።

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ያዋ ትንፋሿ መለስ አለ። ለሎሜ ከተማ ሰው ካሜራ ሻጭ ናት፤ ለጉምሩክ መርማሪዎች ግን «ድንቢጥ»። ይሄ ደግሞ «ቁልፍ» የሚሉት ኮሚ ነው። ስምንት ወር አብረው ሲሠሩ ፊቱን አይታው አታውቅም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

ያዋ ባመጣችው አዲስ ካሜራ ውስጥ አሥራ አንድ ፎቶ አለ። የሐሰት የወባ ክኒን የታጨቀባቸው ካርቶኖችና የጫኗቸው መኪኖች ታርጋ። መኪኖቹ ስድስት ሰዓት ላይ ከወደቡ ይወጣሉ። ከወጡ አለቀ፤ ክኒኑ በየመንደሩ ይበተናል፣ ሕፃናት መድኃኒት እየዋጡ ይሞታሉ።

አሁን አራት ተኩል ሆኗል።

የጉምሩክ ቢሮውን ኮምፒውተሮች ጠላት ይሰልላቸዋል። ስለዚህ ነው እዚህ ዳዳ አብላ ቤት የመጡት። አሮጊቷ ዳዳ ጡረታ የወጡ የስልክ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ኮምፒውተራቸውም እንደሳቸው ጡረታ መውጣት የነበረበት ነው፤ ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል።

«ካሜራውን ስኪውና እንገላገል!» አለ ሰውየው።

«ዲስኩ ይቅደም፤ ካሜራውን ከማሽኑ ጋር የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። ካሜራው ከቀደመ ይሄ ሽማግሌ ማሽን ግራ ይገባውና ጭራሽ አላውቀውም ይላል።»

ማሽኑ ባትሪው ስለሞተ ቀኑን ረስቷል። የቀን መቁጠሪያው ላይ «ጃንዋሪ 1 ቀን 1980፣ ማክሰኞ» የሚል ወጣ።

ሰውየው ሳቀ። «ኧረ ልደቴን አመጣው! መታወቂያዬ ላይም ይኸው ነው።»

«ማክሰኞ?» አሉ ዳዳ ከጓዳ። «እንደኔው ነሃ!»

ያዋ «ማክሰኞ» የሚለውን ቃል ደግማ አነበበች።

እዚህ አገር ልጅ ስሙን የሚያገኘው ከተወለደበት ቀን ነው። ማክሰኞ የተወለደች ሴት አብላ፣ ወንድ ኮምላን ይባላል። ኮሚ የቅዳሜ ልጅ ነው። ይህን ስቶ የሚቀልድ ሰው የሎሜ ልጅ አይደለም፤ ስሙን የነጠቀ ነው።

ታዲያ እውነተኛው ኮሚ የት ነው?

ቀና ብላ አላየችውም። ፈራች። ቀኑን አስተካከለች፣ ዲስኩን አስገባች። ማሽኑ ልጥፋና ልነሳ አለ። አራት ደቂቃ ፈጀ።

«ምን ያንቀጠቅጥሻል?»

«ወባ ነዋ። ሰሞኑን መድኃኒቱም አልሠራ ብሎኛል።»

አልሳቀም።

ኬብሉን ሰካች። ማሽኑ ካሜራውን አወቀው። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ፣ እየተንፏቀቁ ገቡ። የስልክ መስመሩ አፏጨ፤ ተገናኘ።

ሰውየው ከኋላዋ ቆመ። «የሚቀበለውን ሰው አድራሻ ጻፊ።»

የመጣው ለዚህ ነው። አድራሻውን ካየ በኋላ እሷም አታስፈልገውም፣ ፎቶውን የሚቀበሉት አለቃዋም አይተርፉም።

እጁ ሸሚዙ ውስጥ ገባ።

«ኮምላን!» ሲሉ ጠሩ ዳዳ ከጓዳው በር ላይ።

ሰውየው ዞር አላለም።

«ኮምላን አልኩህ እኮ!»

አሁንም አልዞረም። የማክሰኞ ልጅ በስሙ ሲጠራ ይዞራል፤ ዳዳ አስመሳይ መሆኑን አወቁ። ከምድጃ የወረደውን አኩሜ ከነድስቱ ትከሻው ላይ ደፉበት። ትኩስ የበቆሎ ገንፎ ምሕረት የለውም። ሰውየው ጮኸ፤ ሽጉጡ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ዳዳ ረገጡት።

«ጨርሺ፣ ልጄ!»

ያዋ አድራሻውን ጻፈች። ላከች። ሰውየው ቆዳው እየተላጠ በሩን በርግዶ ሮጠ።

«ሰዎቹን ይዞ ይመለሳል ዳዳ። አሁኑኑ እንውጣ።»

«ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ለማን ጥዬ?» አሉ ዳዳ። ያዋ እጃቸውን ይዛ በጓሮ አወጣቻቸው። አሮጊቷ ያልቆለፉትን በር ደጋግመው ዞረው አዩት።

መኪኖቹ ከወደቡ በር አላለፉም። ሬዲዮው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረው፤ ስም አልጠራም። በማግስቱ የኮሚ ሬሳ ከሐይቁ ወጣ።

በሳምንቱ ያዋ አዲስ መታወቂያ ይዛ በሞተር ታክሲ ወደ ድንበር ስትሄድ ቀብር መንገዱን ዘጋው። ቤተ ዘመዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሷል። ከሬሳው ፊት አንዲት ሴት ትልቅ ፎቶ ይዛለች፤ ከሥሩ «ኮሚ» ይላል። ፍንጭት ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ጎልማሳ ነው። ያዋ ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ቀን አየችው።

«ዘመድሽ ነው እንዴ?» አለ ባለሞተሩ።

«አይደለም። በሕይወት ሳለ አይቼውም አላውቅ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ንዳው ባክህ» አለችው።