የእትዬ ማዞሪያ ስልክ

እትዬ ማዞሪያ ሁለተኛውን ፎቅ ከአንደኛው በሚያገናኘው ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። እግራቸው ደረጃው ላይ፣ ጭንቅላታቸው ወለሉ ላይ ነበር። ደሙ የፈሰሰው ከማጅራታቸው በላይ ካለው ቁስል ነው።

«አደጋ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ዓይነ ስውር ናቸው እኮ። ብቻቸውን ሲወርዱ ተሰናከሉ።»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ነበር። ቀና ሳትል ጠየቀችው። «እዚህ ሕንፃ ላይ ሲኖሩ ስንቴ ወድቀዋል?»

«ኧረ ጎረቤቶቹ እንደሚሉት ወድቀው አያውቁም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ? ዓይናቸው እንደሆነ ድሮም አያይም።» ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኸው ነው። የሞተች ሴት አትከራከርም ብለህ ጥፋቱን ለዓይኗ አታሸክም።»

ፖሊሱ ጆሮው ቀላ። መርማሪዋ ስትናደድ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ይብስ ዝቅ ታደርገዋለች። እሱም ይህን ያውቅ ነበር።

የሟቿ ቦርሳ ትከሻቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ከውስጡ ነጩ በትራቸው ተጣጥፎ ወጣ። ስልካቸው ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ነበር። መርማሪዋ ስክሪኑን ነካችው፤ በራ እንጂ አልተናገረም። በጨርቅ ጠቅልላ ያዘችው።

እትዬ ማዞሪያ የሚለው ቅጽል የወጣላቸው በወጣትነታቸው የስልክ ማዞሪያ ላይ ኦፕሬተር ስለነበሩ ነው። ዓይናቸው የጠፋው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነበር። ቁጭ ብለው አላለቀሱም፤ የልጃቸው ባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነውና፣ ስልካቸው ላይ የሚያነብላቸው አፕ ጫነላቸው። ጣታቸው የነካውን ሁሉ ስልኩ በድምፅ ይነግራቸዋል፤ ካሜራውን ዕቃ ላይ ሲደግኑ የተጻፈውን ያነብላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቤታቸው ከመጣ የስልክ ትምህርት ሳይቀምስ አይወጣም።

የሟቿ ልጅ ቤታቸው ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መርማሪዋን ጠበቀቻት። ፊቷ በእንቅልፍ እጦት አብጧል። ሴት ልጇ በሳንባ ምች ታማ ማዶ ካለው ሆስፒታል ተኝታለች፤ እናቷ ሲሞቱ እዚያ እንደነበረች ተናገረች።

«ጎረቤቶች ጠዋት ከእናትሽ ጋር ስትጣሉ ሰምተናል አሉ» አለቻት መርማሪዋ።

«እውነታቸውን ነው። ደረጃው ላይ አንድ ቀን ትሞቻለሽ ብያታለሁ።» ጥርሷን ነከሰች። «የልጄ ትኩሳት እንቢ ብሏል፤ እሷ ያንን ስልክ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ደግናለች። ላሳይሽ አለችኝ። አሁን ጊዜ የለኝም፣ ተዪኝ ብዬ በሩን በላይዋ ላይ ዘግቼ ሄድኩ። ከዚያ ይሄ መጣልኝ።»

ስልኳ ላይ የገባውን መልእክት አሳየቻት። «ብቻዬን በደረጃው እየወረድኩ ነው፣ አትጠብቂኝ።» ይላል።

መርማሪዋ ከበላዩ ያሉትን የቆዩ መልእክቶች ወደ ኋላ እየጎተተች አነበበች። «ሁልጊዜ በድምፅ ነው የሚጽፉት?»

«በምን ትጽፋለች? ትናገራለች፣ ስልኩ ይጽፋል።»

ባሏ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ መጣ። ሱቁ ከሕንፃው ሥር ነው። እትዬ ማዞሪያ በሞቱበት ሰዓት ብቻውን እንደነበረ፣ ምስክር እንደሌለው ራሱ ተናገረ። መርማሪዋ ስልኩን ስትሰጠው ፊቱ ተለወጠ።

«አንባቢውን ማን ዘጋው? ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አብሮ ጫን አድርጎ መያዝ ይጠይቃል፤ በድንገት አይዘጋም። እማማ ደግሞ አይዘጉትም። ያለሱ ስልኩ ለሳቸው ድንጋይ ነው።» መልሶ ከፈተው፤ ስልኩም መናገር ጀመረ። የይለፍ ቁጥሩን ያውቅ ነበርና አስገብቶ ውስጡን አየ። «ፎቶዎቹም የሉም። ትናንት ሲያነሱ ነበር።»

«ሌላ ቦታ ይቀመጣሉ?»

«የሚያነሱት ሁሉ እዚሁ ቤት ወዳለው ኮምፒውተር እንዲገለበጥ አድርጌ ነበር። እሳቸውም አያውቁም፤ አንድ ቀን ስልኩ ቢጠፋ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፤ የሕፃኗን ሽሮፕ ለማስታወስ አያቷ የሞሉት ደወል ነበር። ልጃቸው ነጥቃ ስክሪኑን ወጋችው። ስልኩ «አቁም» የሚለውን ቃል አነበበላት እንጂ አላቆመም። ደጋግማ ወጋችው። «ይሄን ነገር መቼም ችዬው አላውቅም» አለችና ለባሏ ወረወረችለት። እሱ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መታ አደረገው፤ ዝም አለ።

«አንዴ ሲነኩት ስሙን ይናገራል፤ የሚታዘዘው ሁለቴ ሲመቱት ነው» ሲል አስረዳ።

መርማሪዋ ደወሉን እንደገና እንዲሞላላት ጠየቀችውና ሽሮፑ ወደተገዛበት፣ ከሕንፃው ሥር ወዳለው መድኃኒት ቤት ወረደች።

ፋርማሲስቱ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚለው ትሑት ሰው ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እህቴ ነበሩ ማለት ይቻላል። ስንቴ ብቻዎን አይውረዱ ብያቸው ነበር።»

«ዛሬ መጥተው ነበር?»

«አላየኋቸውም።»

«እርስዎ ስልካቸውን ይጠቀሙበት ነበር?»

«እኔ?» ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። «እኔ ይኸው ነኝ። እንደሳቸው ያለ ስልክ በእጄ ይዤም አላውቅም።»

መርማሪዋ የእትዬ ማዞሪያን ስልክ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ማስታወሻዋን ማገላበጥ ያዘች። ደወሉ ጮኸ። ያልሰማች መስላ መጻፏን ቀጠለች። ፋርማሲስቱ ትንሽ ታገሠ፤ ጩኸቱ አሰለቸው። እጁን ዘርግቶ አንዴ ነካ፤ ስልኩ «አቁም» አለ። ሁለቴ መታ አደረገው፤ ጸጥ አለ።

«አመሰግናለሁ» አለች መርማሪዋ።

በማግስቱ ልጃቸውን፣ ጠጋኙንና ፋርማሲስቱን በሟቿ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። ማንም ሻይ አላቀረበም፣ ማንም አልጠየቀም።

«ብቻቸውን ሲወርዱ ወደቁ ተብሏል» ብላ ጀመረች። «ሲወርድ የተሰናከለ ሰው በፊቱ ይደፋል። እሳቸው ማጅራታቸውን ተመትተው፣ እግራቸው ወደ ላይ ቀርቶ በጀርባቸው ነው የተገኙት። ስለዚህ እየወጡ ነበር። አንቺ፣ እናትሽ በትራቸውን የሚያጥፉት መቼ ነው?»

«ሰው ክንዱን ሲሰጣት ብቻ» አለች ልጃቸው። የተናገረችው ነገር ለራሷም ያን ጊዜ ገና ገባት።

«በትሩ ተጣጥፎ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። ብቻቸውን አልነበሩም፤ የሚያምኑትን ሰው ክንድ ይዘው ነበር። መልእክቱ ግን ብቻዬን እየወረድኩ ነው ይላል። እናትሽ በድምፅ ሲጽፉ ስልኩ ነጥብም ሰረዝም አያስገባም፤ ከዚህ በፊት የላኩልሽ ሁሉ እንደ ገመድ የተቀጠለ ነው። ይህኛው ነጠላ ሰረዝ አለው፣ መጨረሻው ላይም አራት ነጥብ። በጣት የተጻፈ ነው። የጻፈው ሰው የሟቿን ጣት አስነክቶ ስልኩን ከፈተ፤ ደረጃው ላይ ፊደል በፊደል እንዳይጮህበት አንባቢውን ዘጋ፤ ከዚያ ፎቶዎቹን አጠፋ። መልሶ ለመክፈት ግን አልደፈረም፤ ሲከፈት ይናገራላ።»

ፋርማሲስቱ ወደ ጠጋኙ ዞረ። «እንዲህ ያለውን የሚያውቅ እንግዲህ...»

«አዎ፣ እሱ ያውቃል። ግን ፎቶዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚገለበጡም የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እሱ ቢሆን ኖሮ ከዚያም ያጠፋቸው ነበር። አላጠፋቸውም፤ ይኸውና።»

ጠጋኙ ኮምፒውተሩን አዞረላቸው። የሕፃኗ ሽሮፕ ካርቶን ነው። በመጀመሪያው ፎቶ የመጠቀሚያ ጊዜው ገና ያላለፈ ይመስላል። በሁለተኛው ላይ የተለጠፈው ወረቀት በጥፍር ተልጧል፤ ከሥሩ ያለፈ ቀን አለ።

«ልጣፉን በጣታቸው ነው ያገኙት፤ ያለፈውን ቀን ስልኩ አነበበላቸው። ልጃቸው አልሰማቻቸውም፤ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወረዱ።» መርማሪዋ ድምፅዋ ይበልጥ ዝቅ አለ። «ስልኩን በእጄ ይዤ አላውቅም ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ። ታዲያ ሁለቴ መምታትን ማን አስተማርዎት? አሁን ሁለት ፖሊሶች መጋዘንዎ ውስጥ ናቸው፤ የልጣፉን ጥቅል አግኝተውታል።»

ፋርማሲስቱ መጀመሪያ ሳቀ። ማንም ሳይስቅለት ቀረ።

«ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ» አለ በመጨረሻ። «ነገ ለሰው ሁሉ ራስህ ተናገር፣ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ አሉኝ። ለመንኳቸው። ክንዴን ይዘው እየወጡ እንኳ እለምናቸው ነበር። እጄን ነጠቅኩ እንጂ... ዓይናቸው ቢያይ ኖሮ እኮ የደረጃውን መደገፊያ ይይዙ ነበር።»

ልጃቸው ብድግ አለች። ባሏ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ገፋችው። ፋርማሲስቱ ፊት ስትደርስ ግን አልመታችውም።

«ሌሊቱን ሙሉ እያነቃሁ ያንን ሽሮፕ አጠጥቻታለሁ» አለች። «እንቢ ስትል አፍንጫዋን ይዤ። ሐኪሞቹ ለምን አልሠራላትም ብለው ሲጠይቁኝ አንተን አመስግኜ ነው የተናገርኩት። እናቴ ደግሞ ክንድህን የያዘችው ሰው ነህ ብላ ነው። የእሷን ዓይን ዳግመኛ በአፍህ አታንሳ።»

እሱ ወለሉን አየ። ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ።

ወሬው ከመጋዘኑ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቧል።

«በጓሮው በር ብንወጣ» አለ ፋርማሲስቱ በለሆሳስ።

«በፊት ለፊቱ ነው የምንወጣው» አለች መርማሪዋ።

ድንጋይ የወረወረ አልነበረም። ሰዉ ከየቤቱ መድኃኒቱን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ብልቃጥ፣ ካርቶን፣ በፌስታል የተቋጠረ ክኒን። ጋሼ ሲያልፍ መንገድ ለቀቁለት። አንድ ሽማግሌ ብቻ ፊቱ ቆሙና የልብ መድኃኒታቸውን ዘረጉለት።

«ይሄንንስ?» አሉት። «ልዋጠው ወይስ ልተወው?»

እሱ ቀና አላለም። ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ መልሱን ጠበቁ።